ትዳር የሚኖረው በየትኛው ግዛት ነው? ተለያይተው የሚኖሩ ባለትዳሮች በአሜሪካ የፍቺ ፍርድ ታሪክ



ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ የወንጀል ክስ ነው። በሌላ መንገድ ካልገለጽሁ በቀር የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በሜይ 1940 በሰሜን ካሮላይና ግዛት ግራኒት ፎልስ በምትባል ትንሽ ከተማ ይኖሩ የነበሩ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ቤታቸውን ጥለው ወደ ምዕራብ ተጓዙ። ወንዱ ዊሊያምስ የሚባል ባለሱቅ ነው፤ ሴቲቱ ሄንድሪክስ ትባላለች። ሁለቱም ባለትዳር ነበሩ፤ የእርሱ ሚስትና የእርሷ ባል ግን እዚያው ሰሜን ካሮላይና ቀርተዋል። ተጓዦቹ በኔቫዳ ግዛት፣ ከላስ ቬጋስ ወደ ሎስ አንጀለስ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኝ የመኪና መንገደኞች ማረፊያ ዐረፉ። በጁን 26 ሁለቱም የኔቫዳ ሕግ የሚጠይቀውን ስድስት ሳምንት እንደኖሩ ገልጸው ለዚያው ግዛት ፍርድ ቤት የፍቺ አቤቱታ አቀረቡ። ለሄንድሪክስ ባል መጥሪያው በላስ ቬጋስ ጋዜጣ ታተመ፤ ግልባጩም በፖስታ ተላከለት። ለዊሊያምስ ሚስት ደግሞ የአገሯ ሸሪፍ መጥሪያውን በእጇ ሰጣት። ሁለቱም አልቀረቡም፤ ጠበቃም አልወከሉም። ዊሊያምስ በኦገስት 26፣ ሄንድሪክስ በኦክቶበር 4 የፍቺ ፍርድ አገኙ። በዚያው በኦክቶበር 4 ቀን ተጋቡና ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመለሱ።

የሰሜን ካሮላይና ዐቃቤ ሕግ በጋብቻ ላይ ጋብቻ ፈጽመው አብረው ኖረዋል ብሎ ከሰሳቸው፤ ጥፋተኞች ተብለውም የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው። በኔቫዳ ሕጋዊ ባልና ሚስት የነበሩት ሰዎች በትውልድ አካባቢያቸው ወንጀለኞች ሆኑ። ጉዳያቸው ሁለት ጊዜ፣ በ1942 እና በ1945፣ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቧል።

ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሳስተምር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «ታዲያ ትክክለኛው የቱ ግዛት ነበር?» ብለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን በሚገባ ስመረምረው የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ሰጥተው እንደማያውቁ ተረድቻለሁ። ያደረጉት ሌላ ነገር ነው፦ ትዳርን በየክፍሉ ቆራረጡት። ባልና ሚስት መባል የሚቀርበት ፍርድ ከአንድ ወገን ብቻ ከሩቅ ሊመጣ እንዲችል ፈቀዱ፤ ቀለቡንና ልጆቹን ግን ከዚያ ፍርድ እጅ አወጡ። ዛሬ ላስረዳ የምሞክረው ይህ መቆራረጥ እንዴት እንደመጣና ማንን እንደጠቀመ ነው።

መነሻው ሕገ መንግሥቱ ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ስለ ጋብቻና ፍቺ አንድም ቃል አይናገርም፤ ነገሩ ለግዛቶች ተተወ። ግዛቶቹም እጅግ ተለያዩ። በደቡብ ካሮላይና ከአጭር የድኅረ እርስ በርስ ጦርነት ዘመን በስተቀር እስከ 1949 ድረስ ፍቺ የሚባል ነገር አልነበረም። በኒው ዮርክ ከ1787 ጀምሮ ፍቺ የሚያስገኘው ምክንያት ዝሙት ብቻ ነበር፤ ይህም እስከ 1960ዎቹ ማብቂያ ዘለቀ። በሌላ በኩል ያው ሕገ መንግሥት በአራተኛው አንቀጹ እያንዳንዱ ግዛት ለሌላው ግዛት የፍርድ ቤት ውሳኔ ሙሉ እምነትና ዕውቅና እንዲሰጥ ያዝዛል። እነዚህን ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግዛቶቹ በፈለጉት ሁኔታ ሊለያዩ ይችላሉ፤ የአንዱን ፍርድ ግን ሌላው ማክበር አለበት። እንግዲህ መፋታት የተከለከለው ሰው መፋታት ወደሚቻልበት ግዛት ቢሄድ ምን ይከለክለዋል?

መልሱ «ዋና መኖሪያ» የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ነበር። አንድ ግዛት ፍቺ ለመፍረድ ሥልጣን የሚኖረው ከባለትዳሮቹ ቢያንስ አንዱ በዚያ ግዛት በቋሚነት ለመኖር አስቦ ሲኖር ነው ተባለ። ልብ በሉ፤ መኖር ብቻ አይበቃም፤ ለመቆየት ማሰብም ያስፈልጋል። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ደግሞ የሚስት ዋና መኖሪያ ባል ያለበት ነው። ባል ሲሄድ እርሷ ካለችበት ሳትንቀሳቀስ በሕግ ዓይን ትከተለዋለች። ይህን ልማድ ከሰበሩት ውሳኔዎች አንዱ የ1859ኙ የባርበር ጉዳይ ነው። ባልየው በኒው ዮርክ ለሚስቱ ቀለብ እንዲከፍል ተፈርዶበት ወደ ዊስኮንሲን ሄደ፤ እዚያም ፍቺ አገኘ። ሚስቱ ቀለቧን ፍለጋ በዊስኮንሲን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰችው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሚስት ከባሏ ተለይታ የራሷ ዋና መኖሪያ ሊኖራት እንደሚችል ተቀብሎ ፈረደላት። በዚያው ውሳኔ ግን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ፍቺ የመፍረድ ሥልጣን የላቸውም የሚል ሐሳብ አሰፈረ። ይህ ሐሳብ ዛሬም ጸንቶ ይሠራል። ባልና ሚስት በሁለት ግዛቶች ሲለያዩ ከሁለቱም በላይ ሆኖ የሚዳኛቸው የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የለም ማለት ነው።

የተጓዥ ፍቺ ገበያ የተከፈተው በዚህ ክፍተት ነው። በ1850ዎቹ ኢንዲያና በሰፊው ትታማ ነበር፤ ነዋሪነትን ለማስረዳት የአመልካቹ ቃል ብቻ ይበቃ ስለነበር። የኒው ዮርኩ ጋዜጠኛ ሆራስ ግሪሊ እና የኢንዲያናው ሮበርት ዴል ኦዌን በ1860 በጋዜጣ ያደረጉት ክርክር የዚያ ዘመን ሙግት ዋና ምስክር ነው። ኢንዲያና በሯን በ1873 ስታጠብ ተጓዡ ወደ ምዕራብ ገፋ፤ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ደቡብ ዳኮታ በዘጠና ቀን ነዋሪነት ተቀበለችው። የሱ ፎልስ ከተማ ሆቴሎች በምሥራቅ ጠረፍ ሰዎች ተሞሉ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ተቃወሙ፤ ጊዜው በመጀመሪያ ወደ ስድስት ወር፣ በ1908 ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ወደ አንድ ዓመት ከፍ አለ። ገበያውም ወደ ኔቫዳ ዞረ።

ኔቫዳን በተመለከተ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ፍቺ የአንድ ግዛት የገቢ ምንጭ ሲሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኔቫዳ በረሓማ፣ ሕዝቧ ጥቂት፣ የብር ማዕድኗ እየነጠፈ የሄደ ግዛት ነበረች። የነዋሪነት መስፈርቷ ስድስት ወር ነበር። በ1913 የሥነ ምግባር ተቆርቋሪዎች ወደ አንድ ዓመት አሳደጉት፤ የሬኖ ነጋዴዎች አቤት አሉ፤ በ1915 ወደ ስድስት ወር ተመለሰ። በ1927 ሦስት ወር ሆነ። ሌሎች ግዛቶችም ሦስት ወር በማድረግ መፎካከር ሲጀምሩ በ1931 ወደ ስድስት ሳምንት ወረደ። በዚያው ዓመት ቁማርም ተፈቀደ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ወቅት አንድ ግዛት የሕግ መጽሐፉን ገልጦ የሚሸጥ ነገር ፈለገ፤ አገኘም። ጠበቆች፣ ሆቴሎች፣ የልብስ መደብሮች፣ ለፍቺ ፈላጊዎች አልጋ የሚያከራዩ የከብት እርባታ ቤቶች ሁሉ ከዚህ ይኖሩ ነበር። ስድስት ሳምንቱ በትክክል ስለመቆጠሩ የማረፊያው ባለቤት ችሎት ቀርቦ በየቀኑ እንዳያቸው ይመሰክራል። ጸሐፌ ተውኔቱ አርተር ሚለር እንኳ በ1956 ይህን ጊዜ በፒራሚድ ሐይቅ አጠገብ አሳልፏል።

እንግዲህ አመልካቹ በችሎት ፊት ቆሞ በኔቫዳ ለዘለቄታው ለመኖር ማሰቡን በመሐላ ያረጋግጣል። የመመለሻው ባቡር ቲኬት በኪሱ ሊሆን ይችላል። ዳኛው ያውቃል፤ ጠበቃው ያውቃል፤ የባቡር ጣቢያው ተሸካሚም ያውቃል። ይህን ስናገር ሁላችሁም ፈገግ ትላላችሁ። ነገር ግን ሬኖን የሞሏት ከዳተኛ ባሎች ብቻ እንዳልነበሩ መርሳት የለብንም። ከተጓዦቹ ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ በየግዛታቸው ሕግ ዝሙት ማስረዳት ያልቻሉ፣ ወይም ጭካኔን ችለው እንዲኖሩ የተፈረደባቸው። ብዙዎቹም ከባላቸው ጋር ተስማምተው የሄዱ ናቸው። በስምምነት የተፋቱት ሰዎች ደግሞ በይግባኝ መዛግብት ውስጥ አይገኙም። ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሱት አንዱ ወገን «አይሆንም» ያለባቸው ብቻ ናቸው። የሕግ ታሪክ የምታጠኑ ተማሪዎች ይህን የመረጃ መዛባት ሁልጊዜ በልባችሁ ያዙት።

ወደ ፍርድ ቤቱ እንመለስ። ከዊሊያምስ በፊት ገዢ የነበረው ውሳኔ የ1906ቱ የሃዶክ ጉዳይ ነው። በ1868 በኒው ዮርክ የተጋቡ ጥንዶች ወዲያው ተለያዩ፤ ባል ወደ ኮኔቲከት ሄደ፤ በ1881 በዚያ ፍቺ ተፈረደለት። ሚስቱ በኒው ዮርክ እንደኖረች ቀለብ ጠየቀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአምስት ለአራት ድምፅ ኒው ዮርክ የኮኔቲከትን ፍርድ የማክበር ግዴታ የለባትም አለ፤ ኮኔቲከት ግን በራሷ ወሰን ውስጥ ፍርዷን ልታጸና ትችላለች። ስለዚህ አንድ ሰው ባቡር ተሳፍሮ ጥቂት ሰዓት ሲጓዝ ከላጤነት ወደ ባለትዳርነት ይለወጣል። ዳኛ ሆምስ በልዩነት ሐሳባቸው ጉዳዩ በየትኛውም መንገድ ቢወሰን ሥልጣኔ ይጠፋል ብለው እንደማያስቡ ተናግረዋል፤ የብዙኃኑን አመክንዮ ግን አልተቀበሉም። እኔ ሆምስን እዚህ ላይ ጥቂት ቸልተኛ ሆነው አገኛቸዋለሁ። ለሥልጣኔ ባይሆን ለሴትዮዋ ቀለብ ትልቅ ነገር ነበረ።

በዲሴምበር 1942 የዊሊያምስና የሄንድሪክስ ይግባኝ ሲወሰን ዳኛ ዳግላስ የጻፉት የብዙኃኑ ፍርድ ሃዶክን ሻረ። ከሁለቱ አንዱ በኔቫዳ በእውነት ዋና መኖሪያ ከመሠረተ፣ ኔቫዳ የምትሰጠው የፍቺ ፍርድ ሌላው ወገን ባይቀርብም በመላው አገሪቱ ይከበራል ተባለ። ጥፋተኝነቱ ተሽሮ ጉዳዩ ወደ ሰሜን ካሮላይና ተመለሰ። ውሳኔው ግን «በእውነት ዋና መኖሪያ ከመሠረተ» የሚለውን በር ክፍት ትቶ ነበር። ሰሜን ካሮላይናም በዚያ በር ገባች። በሁለተኛው ክርክር ጁሪው ሁለቱ ሰዎች በኔቫዳ የእውነት መኖሪያ አልነበራቸውም ብሎ ዳግመኛ ጥፋተኛ አደረጋቸው። በሜይ 1945 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ በዳኛ ፍራንክፈርተር ብዕር፣ በስድስት ለሦስት ይህን አጸና። አንዱ ግዛት የሌላውን ፍርድ ማክበር አለበት፤ ሆኖም ያ ፍርድ የቆመበት የመኖሪያ ሁኔታ እውነት መሆኑን ራሱ ሊመረምር ይችላል።

የዚህን ትርጉም አስቡት። አንዲት ሴት በኔቫዳ ተፋትታ፣ እንደገና አግብታ፣ ልጅ ወልዳ ትኖራለች፤ ትዳሯ ጽኑ መሆኑን የምታውቀው የትውልድ ግዛቷ ጁሪ ስለ ስድስት ሳምንት ሐሳቧ የሚያምነውን ካመነ በኋላ ነው። ዳኛ ጃክሰን ከሦስት ዓመት በኋላ በሌላ ጉዳይ ላይ ሰዎች ማግባታቸውንና አለማግባታቸውን፣ ካገቡም ከማን ጋር እንደሆነ የሚያውቁበት ደንብ ከሕግ አውጪዎች ሊጠብቁ ይገባቸዋል ሲሉ ያማረሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዚህ ጭንቅ መውጫው በ1948 በሁለት አቅጣጫ ተገኘ። የመጀመሪያው የሼረር ጉዳይ ነው። ሚስት ከማሳቹሴትስ ወደ ፍሎሪዳ ሄዳ የፍቺ አቤቱታ ታቀርባለች፤ ባልም በጠበቃ ቀርቦ ይከራከራል፤ በኋላ ግን «እርሷ የፍሎሪዳ ነዋሪ አልነበረችም» ብሎ በማሳቹሴትስ ፍርዱን ለማፍረስ ይሞክራል። አይቻልም ተባለ፤ ቀርቦ የመከራከር ዕድል ያገኘ ሰው ያንኑ ነገር በሌላ ግዛት ዳግም አያነሣም። በተግባር ይህ ለተስማሙ ጥንዶች ታላቅ ዋስትና ሆነ፦ አንዱ ይጓዛል፣ ሌላው ጠበቃ ይወክላል፣ ፍርዱ ይጸናል። ገንዘብ ላለውና ለተስማማ ሰው የፍቺው መንገድ ተጠረገ። ያልተስማማችው፣ ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌላት፣ መጥሪያው በፖስታ የደረሳትስ?

ሁለተኛው የእርሷ መልስ ነው። በኤስቲን ጉዳይ ሚስት በ1943 በኒው ዮርክ በወር 180 ዶላር ቀለብ ተወስኖላት ነበር። ባል ወደ ኔቫዳ ሄዶ በ1945 ተፋታና ክፍያውን አቋረጠ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኔቫዳ ፍርድ ትዳሩን አፍርሶታል፤ ባልየው ሊያገባ ይችላል አለ። ቀለቡ ግን የሚስቲቱ መብት ነው፤ እርሷም በኔቫዳ ችሎት ቀርባ አታውቅም፤ ስለዚህ ኔቫዳ ያልያዘችውን መብት ልትነጥቅ አትችልም። ከዚህ ወዲህ ፍቺ ሊከፋፈል የሚችል ነገር ሆነ። በ1957 በቫንደርቢልት ጉዳይ ይኸው ደንብ አስቀድሞ የቀለብ ፍርድ ላልነበራት ሚስትም ተዘረጋ። በእኔ ግምት በዚህ መቶ ዓመት ታሪክ ውስጥ እጅግ ትክክለኛው ውሳኔ ይህ ነው፤ ምንም እንኳ የሕግ ሊቃውንት አመክንዮውን የተጣበቀ ቢሉትም። የሄደውን ሰው በግድ ባለትዳር አላደረገም፤ የቀረችውንም ሴት ባዶ እጇን አላስቀረም።

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ አገራችን ልመልሳችሁ፤ ጥያቄው ከእኛም ሩቅ አይደለምና። ከ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ጀምሮ በመላ አገሪቱ አንድ የቤተሰብ ሕግ ነበረን። ፌዴራላዊው ሥርዓት ከተተከለ በኋላ ግን የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸውን አውጥተዋል። የሚገርመው ግን የሥልጣን አደላደሉ ከአሜሪካው ተቃራኒ መሆኑ ነው። አዋጅ ቁጥር 25/1988 በተለያዩ ክልሎች በቋሚነት በሚኖሩ ሰዎች መካከል የሚነሣን ክርክር ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሰጠ፤ አሜሪካ ከ1859 ጀምሮ የዘጋችውን በር ማለት ነው። የክልል ፍርድ ቤቶች ይህን ሥልጣን በውክልና ሊሠሩበት ይችላሉ። የክልሎቹ ሕጎች በፍቺ ምክንያት ረገድ ስለሚቀራረቡ የእኛ ሬኖ አልተወለደችም። በንብረትና በቀለብ ረገድ ቢለያዩ ምን ይሆናል የሚለው ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ርእስ ነው፤ ከእናንተ መካከል ፈቃደኛ ካለ ቢሮዬ ክፍት ነው።

የሬኖን ገበያ ያቀዘቀዘው ፍርድ ቤት አይደለም። ካሊፎርኒያ በ1969 ያወጣችውና በ1970 ሥራ ላይ የዋለው ሕግ ጥፋት ማስረዳትን አስቀረ፤ ሌሎቹ ተከተሉ፤ ኒው ዮርክ በ2010 የመጨረሻዋ ሆነች። በአገር ቤት መፋታት የሚችል ሰው ለምን በረሓ ይወርዳል? ያ ሁሉ የመሐላ ድራማ ሲቀር ክርክሩ ወደ ልጆቹ ዞረ፤ ይህም ከቀለቡ የበለጠ መራራ ነበር። በ1953 በሜይ ጉዳይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዊስኮንሲን ፍርድ ቤት ወደ ኦሃዮ የሄደችውን እናት ሳያቀርብ ልጆቹን ለአባት መስጠቱ ኦሃዮን አያስገድድም አለ። አመክንዮው ከኤስቲን ጋር አንድ ነው። ነገር ግን ገንዘብ በሁለት ግዛቶች ሊፈረድበት ይችላል፤ ሕፃን አይችልም። ሁለት ግዛቶች ሁለት የተለያዩ አሳዳጊዎች ሲሾሙ፣ በአንዱ የተረታ ወላጅ ልጁን አንሥቶ ወደ ሌላው ይሮጥ ጀመር። በ1968 የወጣው ሞዴል ሕግ፣ የ1980ው የፌዴራል ሕግና በ1997 የተሻሻለው ሞዴል ሕግ ይህን ሩጫ ለማስቆም የተጻፉ ናቸው። በመጨረሻ የጸናው መለኪያ ቀላል ነው፦ ልጁ ክሱ ከመቅረቡ በፊት ለስድስት ወር የኖረበት ግዛት ይወስናል። ልብ በሉ፤ የወላጅ ሐሳብ፣ ዕቅድ፣ መሐላ አይጠየቅም፤ የልጁ አዳር ይቆጠራል።

በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ወገኖቻችን ይህን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። አንዱ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው በቨርጂኒያ አሌክሳንድሪያ ቢኖሩ በመካከላቸው ያለው አንድ ወንዝና ጥቂት የመኪና ጉዞ ነው፤ ሕጉ ግን ሁለት ነው። ለፍቺው የአንዳቸው ነዋሪነት ይበቃል፤ ለቀለቡ ፍርድ ቤቱ በተከሳሹ ላይ ሥልጣን ሊኖረው ይገባል፤ ለልጁ ደግሞ ልጁ የኖረበት ይጠየቃል። ሦስቱ ጥያቄዎች አንድ ችሎት ላይ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ላይገጥሙም ይችላሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እርሱም የመጠበቂያው ጊዜ ራሱ ነው። በ1972 ሶስና የተባለች እናት ከኒው ዮርክ ወደ አዮዋ ከሦስት ልጆቿ ጋር ተዛወረች፤ በማግስቱ ወር የፍቺ አቤቱታ አቀረበች። ባሏ ልጆቹን ሊጠይቅ ወደ አዮዋ በመጣ ጊዜ መጥሪያው በእጁ ተሰጠው። ፍርድ ቤቱ አመልካቿ አንድ ዓመት ስላልኖረች አቤቱታውን ዘጋው። እርሷም አንድ ግዛት አዲስ መጤን በፍቺ ጉዳይ ዓመት ሙሉ ማስጠበቁ ከግዛት ወደ ግዛት የመዛወር ነፃነትን ይነካል ብላ በመሰሎቿ ሁሉ ስም ተከራከረች። በጃንዋሪ 1975 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሦስት ረታት፤ አዮዋ የፍቺ መናኸሪያ ላለመሆን መጠንቀቋ ተገቢ ነው ተባለ። ዳኛ ማርሻል በልዩነት ሐሳባቸው ተቃወሙ። የሬኖ ጥላ ሬኖን ረግጣ በማታውቅ ሴት ላይ አረፈ። ክርክሩ በመሰሎቿ ስም ስለነበር ቀጠለ እንጂ፣ ውሳኔው በተነበበበት ቀን ለእርሷ ለራሷ የሚፈይደው ነገር አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ተፋትታ ነበር፤ ያውም በለቀቀችው በኒው ዮርክ።